የአንሶላው ሌላኛው ጫፍ

ጥቅምት 9

ለልጄ ለጉንዳን፤

እንዴት ሰነበትሽ? እኔን ስለጠየቅሽኝ፣ አለሁ። ጉልበቴ ሲበርድ ያመኛል፣ ሲሞቅም ያመኛል፤ ስለዚህ በአየሩ አልፈርድበትም። ይህን የሚጽፍልኝ ጎረቤቴ ድሬሰሩ ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ መርፌ የሚወጋው ሰው ስላጣ በብዕር ወረቀት ይወጋል። ያልኩትን ብቻ ጻፍ፣ ከራስህ አንዲት ቃል እንዳትጨምር ብዬዋለሁ። ራሱን ነቀነቀ። ቃል ሳያወጣ ራሱን የሚነቀንቅ ሰው ደግሞ አላምንም።

ስልክ ለምን አያነሱም ላልሽው፣ ስለማላምነው ነው። በስልክ የተባለውን ነገ አልተባለም ቢሉሽ ማንን ትጠሪያለሽ? ወረቀት ማንበብ ባልችል መያዝ እችላለሁ።

ማርገዝሽን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እናትሽ በሕይወት ብትኖር ደብዳቤሽን ይዛ ቤት ለቤት ትዞር ነበር። እኔ አንዴ ደስ ብሎኛል ካልኩ ይበቃል።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ለልብስ አጠባው አለቆች ልንገራቸው ወይስ ዝም ልበል ነው ያልሽው። ዝም በይ። ሽርጥሽን ላላ አድርገሽ እሰሪ፣ ሰፊ ቀሚስ ልበሺ፣ ዝም በይ። ለምን እንደምልሽ ልንገርሽ። እኔ ድንጋይ ስፈልጥ ዕድሜዬን የፈጀሁበት ካባ ውስጥ አንዲት በርጩማ ነበረች። አለቃችን ካቦው አንድን ሰው ሊያባርር ሲፈልግ አይሰድበውም፣ አይጣላውም። በርጩማዋን ከዛፉ ሥር ያስቀምጥና፣ «ወንድሜ ደክመሃል፤ እዚህ ጥላው ላይ ቁጭ ብለህ መዶሻ ጠብቅልን» ይለዋል። ሰውዬው ያመሰግናል! አጎንብሶ ነው የሚያመሰግነው። ጥቂት ይሰነብትና «መዶሻው እግር የለው፣ ጠባቂ ምን ያደርግለታል?» ይባላል፤ በቃ። እዚያች በርጩማ ላይ ተቀምጦ ወደ ድንጋዩ የተመለሰ ሰው እኔ አላየሁም። ወገቡን ያመመው፣ ጣቱ የተቀጠቀጠ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ድካሙን የተናገረ ሁሉ እዚያች ላይ ነው ያለቀው። እኔ ደክሞኝ አያውቅም። ማለቴ፣ አልተናገርኩም።

ባልሽ የጭነት መኪናው ከተገለበጠ ወዲህ እጁ ገና አልጠናም። ቤቱን በጀርባሽ የያዝሽው አንቺ ነሽ። ይህ ሥራ ከእጅሽ ከወጣ የሚመጣው ሕፃን ምን ላይ ይወድቃል?

ደግሞ ያቺ አንሶላ አብራሽ የምታጥፈዋ፣ ረጅሟ ያልሻት፣ አውቃለች ወይ? አንሶላ ለሁለት ሲታጠፍ ፊት ለፊት ነው የሚቆመው። ሆድሽን ከማንም በፊት የምታየው እሷ ናት። ተጠንቀቂያት።

አባትሽ


ኅዳር 2

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

እንደምን ከረሙ? መልስ ያዘገየሁት በሌላ ምክንያት አይደለም፤ ምን ብዬ እንደምጽፍልዎ ጨንቆኝ ነው። ይቅር ይበሉኝ።

እንዳሉኝ ዝም ብዬ ነበር። ግን ልብስ አጠባው ውስጥ ቀኑን ሙሉ በረኪና ነው፣ እሱ ሲሸተኝ ደግሞ ያስታውከኛል። ወደ ጓሮ ስመላለስ ተቆጣጣሪዋ አየችኝ። ክፍሏ ጠርታ በሩን ዘጋች። «እርጉዝ ነሽ ወይ?» ብትለኝ እክድ ነበር። እሷ ግን «ስንት ወርሽ ነው?» አለች። ምን ልበል? ነገርኳት።

አልተቆጣችም። በማግስቱ ስገባ የተቀደዱ አንሶላዎች የሚጠገኑበት ጠረጴዛ አጠገብ ወንበር ተቀምጦ ጠበቀኝ። መደገፊያ ያለው ነው። «እስክትወልጂ ሥራሽ እዚህ ነው። ማሽኑ ጋ እንዳላይሽ» አለችኝ። ደመወዜም አልተነካም። እንፋሎቱ እዚህ አይደርስም። ጀርባዬም ዐርፏል።

አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። አንሶላው ከመተኮሻው ማሽን ትኩስ እንደወጣ እኔ በአንድ ጫፍ፣ ረጅሟ በሌላው ይዘን ነበር የምናጥፈው። እኔ ወደ ወንበሩ ስሄድ ሌላ ሴት ሊመድቡላት ነበር፤ «አልፈልግም» አለች። ምሰሶው ላይ መንጠቆ አስመታችና የእኔን ጫፍ እዚያ እያንጠለጠለች፣ የራሷን ይዛ ወደ ኋላ እየሄደች ብቻዋን ታጥፋለች። ላቧ ይንቆረቆራል። ለምን እንዲህ ታደርጊያለሽ ብላት «ሥራሽን ሥሪ» አለችኝ። 

ወንበሩን እንዴት ያዩታል? እርስዎ ሳይሉኝ ልቤ አያርፍም።

ልጅዎ


ኅዳር 14

ጉንዳን፤

ሰላምታውን ድሬሰሩ ከላይ ይጻፍልሽ፤ እኔ ትዕግሥት የለኝም።

መደገፊያ አለው አልሽኝ! የእኛ በርጩማ እንኳ መደገፊያ አልነበራትም። ለማባረር መደገፊያ ከጨመሩበት ዘመኑ ተሻሽሏል ማለት ነው። በሩን ዘጋች ያልሽውንም ሰምቻለሁ። በጎ ነገር የሚነግር ሰው በር አይዘጋም። ደግሞ «ስንት ወርሽ ነው» ብላ መጠየቋ! አንድ ሰው ቀድሞ ነግሯታል። ማን? እኔ ስሙን አልጠራም፤ ቁመቱን ግን አውቀዋለሁ።

መንጠቆውን ደግሞ እንዴት ዝም ብለሽ ታያለሽ? አንሶላ ማጠፍ የሁለት ሰው ሥራ ነው። ለሁለት ሰው የተመደበውን ሥራ አንዲት ሴትና አንድ ብረት ከሠሩት ሁለተኛዋ ሴት ምን ልትባል ነው? ትርፍ ነው የምትባለው። ሥራ አስኪያጁ በዚያ አያልፍም? ያልፋል። መንጠቆውን አያይም? ያያል። ብረት ደመወዝ አይጠይቅም፣ በረኪና አያስታውከውም፣ አያረግዝም። ዓይኗን በጨው ያጠበች ሴት ናት። በአንቺ ፊት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ያለ አንቺ መሥራት እንደሚቻል ለአለቃዋ እያሳየች ነው። ላቧ ይንቆረቆራል አልሽኝ፤ ማን ነው ለሰው ሲል እንዲያ የሚያልበው?

የምልሽን አድርጊ። ነገ ጠዋት ተነሺና ቦታሽ ላይ ቁሚ። ጫፍሽን ከመንጠቆው ላይ አውርጂና በእጅሽ ያዢ። ለምን ካሉሽ «አልደከመኝም» በያቸው። እናትሽ አንቺን በሆዷ ይዛ ከወንዝ ውሃ ትቀዳ ነበር። ድሬሰሩ እዚህ ጋ ብዕሩን አቁሞ እያየኝ ነው። ምን ታያለህ? ጻፍ።

አባትሽ

ከግርጌ፦ እኔ ድሬሰሩ ነኝ። ይህን እሱ አያውቅም። ወንበሩ ላይ ተቀመጪ ልጄ። እናትሽ ውሃ ትቀዳ የነበረው ወዳ አልነበረም፤ ከአንቺ በፊት የሆነውን እኔ አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል። እግርሽ ካበጠ ወይም ዓይንሽ ብዥ ካለ ዛሬውኑ ሐኪም ይይሽ።


ኅዳር 29

ይድረስ ለአባቴ፤

እንዳሉኝ አድርጌያለሁ። ተቆጣጣሪዋ «ምን አጠፋሁ?» አለችኝ። «አልደከመኝም» አልኳት። ረጅሟ ጫፌን ከመንጠቆው ላይ ሳወርደው እጄን ይዛ ነበር።

የባሌ እጅ እየጠና ነው። እኔም ሌሊት እተኛለሁ። ሌላ የምጽፈው ወሬ የለኝም።

ለድሬሰሩ፦ ከግርጌ የጻፉልኝን አይቻለሁ፤ አመሰግናለሁ። ስለ እግሬ አይስጉ፤ የባሌን ጫማ ማድረግ ጀምሬያለሁ። ደግሞስ አባቴ ተነሺ ካለኝ እኔ እንዴት ቁጭ እላለሁ?

ልጅዎ


ታኅሣሥ 17

ለልጄ፤

ይህን የምትጽፈው ባለሱቋ ናት። ድሬሰሩን አባርሬዋለሁ። ያለፈውን ደብዳቤሽን ሲያነብልኝ መጨረሻው ላይ ደርሶ ጉሮሮውን ጠራረገና «በቃ፣ ልጅዎ ይላል» አለኝ። ወረቀቱን ከላይ ሳየው ግን ጽሑፉ ገና አላለቀም ነበር። ማንበብ አልችል እንጂ ዓይኔ ደህና ነው። ለባለሱቋ ወሰድኩት፤ እሷም አንድ ሳታስቀር አነበበችልኝ። በእኔ ደብዳቤ ግርጌ የራሱን ደብዳቤ ሲያስገባ ኖሯል! ቤቱ ሄጄ የሚገባውን ነገርኩት።  የባልሽን ጫማ የምታደርጊው እግርሽ አብጦ እንደሆነ ሲነግረኝ ግን በድምፁ ቁጣ አልነበረም። እሱ ነው ይበልጥ ያናደደኝ።

አሁን ደግሞ ይህ ሌላው ደብዳቤ በስምሽ መጣ። «ደህና ነኝ፣ አይስጉ፣ ትንሽ ዕረፍት ላይ ነኝ» ይላል። ባለሱቋ ፊደሉን ካለፈው ጋር አስተያየችና «ይህ የልጅህ እጅ አይደለም» አለችኝ። ታዲያ የማን ነው? እጅሽ ምን ሆነ? ዕረፍት ማለትስ ምንድን ነው? በእኛ ካባ ወይ ሥራ ነበር ወይ ቤት ነበር፤ በመሃል ዕረፍት የሚባል ነገር አልነበረም። ማን ሰጠሽ? ለምን ሰጠሽ? ሲሰጥሽስ ምን ተቀበለሽ?

ረጅሟ እየመጣች ታየኛለች ይላል። ምን ቀርቷት ነው የምታየው?

ይህን ለጻፈችው ሰው እንዲህ እላለሁ፦ ማንም ሁኚ ማን፣ ከግርጌ የልጄን ስም አስቀምጠሽ እኔን አታታልይም። እውነቱን ጻፊ። ሌሊት እንቅልፍ አጥቻለሁ። ባለሱቋ ይህችን አልጽፍም ብላ ነበር፤ ጻፊ ብያታለሁ።

የጉንዳን አባት


ታኅሣሥ 27

ለጉንዳን አባት፤

ጤና ይስጥልኝ። እውነቱን ጻፊ ብለዋል፤ እጽፋለሁ። ረጅሟ የሚሏት እኔ ነኝ። ያለፈውን የጻፍኩትም እኔ ነኝ፣ እሷ ተኝታ እየነገረችኝ። መውደቄን እንዳትጽፊ አለችኝ። ስለዚህ አልጻፍኩም።

አስቀድሜ መስማት የሚፈልጉትን ልንገርዎ። በሆዷ ያለው ደህና ነው። እሷም ደህና ናት።

ከወንበሩ ተነስታ ስትመጣ እግሯ አብጦ ጫማዋ አልገባላትም ነበር። ተቀመጪ አልኳት። ተቆጣጣሪዋ ለመነቻት። ያቺ ልጅ እሺ ባይ ናት፤ በዚያ ቀን ግን ከድንጋይ የተፈለጠች መሰለች። ከየት እንዳመጣችው አሁን ይገባኛል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንሶላዋን ይዛ ወደ እኔ ስትመጣ፣ ጫፍ ለጫፍ ልንገናኝ ስንል፣ ፊቷ ነጣ። እዚያው አንሶላው ውስጥ ወደቀች። እኔ ጫፌን አልለቀቅኩም ነበር። ራሷ ወለሉን ያልመታው ለዚያ ነው። ሐኪሙ እንድትተኛ አዟል።

ስለ ወንበሩ ልንገርዎ። ወንበሩን አለቆች አልሰጡንም። ከእኛ በፊት የነበሩት ሴቶች ናቸው ያስመጡት። አንዷ ቆማ ስትሠራ አስወረዳት። ጓደኞቿ ማሽኑን አጥፍተው «እርጉዝ የምትቀመጥበት ካልመጣ አናበራም» አሉ። መጣ። ያስወረዳት ሴት ዛሬ ተቆጣጣሪያችን ናት። ያን ቀን ልጅዎን ክፍሏ ጠርታ በሩን የዘጋችውም እያለቀሰች ስለነበር ነው። ይህን ግን ልጅዎ እንደማትጽፍልዎ አውቃለሁ።

ስለ መንጠቆውም ልንገርዎ። በእኛ ልብስ አጠባ ሌላ ሴት የአንሶላሽን ጫፍ ይዛ ከሰነበተች ቦታው የእሷ ሆነ ይባላል። ሕጉ እንዲያ አይልም፤ የወለደች ሴት ወደ ቦታዋ ትመለሳለች ይላል። ነገር ግን ጫፉን የያዘች ሌላ ሴት እዚያ ቆማ ሳለች «ቦታ የለም» ማለት ለአለቃ ቀላል ነው። ስለዚህ ጓደኛዋ ያረገዘች ሴት ሌላ ጓደኛ አትቀበልም። መንጠቆ ትመታለች። መንጠቆው እስካለ ድረስ ቦታው ሰው እንዳለው የቆየነው ሁሉ እናውቃለን። ጀርባዬ እንዴት እንደሆነ አልነግርዎትም። የመንጠቆውን ነገር ለልጅዎ ያልነገርኳት ሥራ አስኪያጁ ቢጠይቋት መዋሸት ስለማትችል ነው። ብነግራት ይሻል ነበር። ይህ የእኔ ነው።

አሁን ያለው ነገር ይህ ነው። ስላረገዘች ሊያባርሯት አይችሉም፤ ሕጉ ይከለክላቸዋል። ስለዚህ ሥራ አስኪያጁ «ቀላል ሥራ ሰጥተናት እምቢ ያለች፣ ትዕዛዝ የማትቀበል ሠራተኛ ናት» ማለት ጀምረዋል። በዚህ ከተባረረች የወሊድ ዕረፍቷም፣ በዕረፍቷ ጊዜ የሚከፈላት ደመወዟም፣ ቦታዋም ቀረ። በሚመጣው ወር ከሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሰው መጥቶ ሁለቱንም ወገን ይሰማል። ለምን ከወንበሩ እንደተነሳች ብትናገር ነገሩ ይቀላል። አትናገርም። ጠየቅናት፣ ተቆጣናት፣ አለቀስንባት። «የአባቴን ስም እዚያ ክፍል ውስጥ አላስጠራም» አለችን።

ለእሷ የጻፏቸውን የቀድሞ ደብዳቤዎችዎን አላነበብኩም። ማንበብም አላስፈለገኝም።

ረጅሟ


ጥር 3

ለልብስ አጠባው ሥራ አስኪያጅ፤

አንተ አታውቀኝም። እኔም አላውቅህም፤ ግን እጠረጥርሃለሁ። አንተ የምልህ ንቄህ አይደለም፣ በዕድሜ ስለምበልጥህ ነው። በዕድሜ የምትበልጠኝ ከሆነም እስካሁን ሥራ ላይ መሆንህ ይበልጥ ያስጠረጥረኛል።

አንሶላ የምታጥፍልህ፣ ሥራ ቦታ ላይ የወደቀችው ልጅ አባት ነኝ። ትዕዛዝ አልተቀበለችም ትላለህ አሉ። ተቀብላለች፤ የእኔን። ከወንበሩ ተነሺ ያልኳት እኔ ነኝ። ቦታሽ ላይ ቁሚ ያልኳት እኔ ነኝ። እሷ ተመችቷት ነበር፤ ጀርባዬ ዐርፏል ብላ ጽፋልኝ ነበር። እኔ ነኝ ያስነሳኋት። ባመፀ ሰው ላይ የምትፈርድ ከሆነ እኔን አባርረኝ። ፊት ለፊት ንገረኝ፤ ጆሮዬ ገና ደህና ነው።

ለምን አስነሳሃት ብትለኝ፣ እኔ በሠራሁበት ካባ አለቃ ወንበር የሚሰጠው ሊያባርር ሲፈልግ ነበር። ያንተን ወንበር ከዚያ መለየት አልቻልኩም። ይህን ያስተማረኝ ደግሞ አባቴ አይደለም፣ ጎረቤቴ አይደለም፤ እንዳንተ ያለ ሰው ነው። ሠራተኛ ዕረፍ ሲባል የሚደነግጥ ከሆነ መጠየቅ ያለብህ «ማን አስደነገጠው?» ብለህ ነው።

አሁን ወንበሩ የማን እንደሆነ ነግረውኛል። ያንተ አይደለም። ስለዚህ ልጄ ያንተን ትዕዛዝ እምቢ አላለችም፤ የጓደኞቿን ስጦታ ነው በእኔ ምክንያት የገፋችው፤ ይቅርታም የምጠይቀው እነሱን ነው።

የምልህ ይህ ነው። ከመውለዷ በፊት ትረፍ። ከወለደች በኋላም ትረፍ። ደመወዟ አይቋረጥ። ስትመለስ ጫፏን ትያዝ። ይህን የምልህ ለምኜ አይደለም፤ ሕጉ ለእሷ ያለው ነው አሉኝ፤ ላንተም ከእኔ በፊት ነግረውህ እንደሚሆን እጠረጥራለሁ።

ይህን ወረቀት ላንተ ብቻ አልላክሁም። ሌላውን ረጅሟ ለቢሮው ሰው በእጇ ትሰጣለች። አንተ ብቻ ካነበብከው የት እንደምትከተው መገመት አያቅተኝም።

አውራ ጣቴን አትሜያለሁ። ድንጋይ ሲፈልጥ ስለኖረ መስመሩ ጠፍቷል፤ ግን የእኔ ነው። እንዳንተ ጣት ለስላሳ ስላልሆነ ማንም አይሳሳተውም።


ጥር 3

ለረጅሟ፤

ይህንንም ለሥራ አስኪያጁ የላክሁትንም የጻፈው ድሬሰሩ ነው። ተመልሼ ሄድኩ። በሩን ከፈተ፣ ወንበር ሳበልኝ፣ ብዕሩን አነሳ።  ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። እንዲህ ያለ ሰው ላይ ምን ይደረጋል?

ስለ አንቺ ለልጄ የጻፍኩትን ብትሰሚው ደምሽን ያፈላል። ስለዚህ አትስሚው። «ጫፌን አልለቀቅኩም» ያልሽው ቦታ ላይ ድሬሰሩ ደጋግሞ እንዲያነብልኝ አድርጌያለሁ። ድንገት ያነበበልኝ ሌላ ነገር እንዳይሆን ብዬ ለባለሱቋም ወስጄ አስነበብኩት። ያው ነው።

ጀርባሽን በሞቀ ውሃ በተነከረ ጨርቅ ያዢው። ድንጋይ ለሚፈልጥ ሰው ይሠራል።

ለጉንዳን ይህን ንገሪያት፦ ስሜን እዚያ ክፍል ውስጥ እኔ ራሴ ጠርቼዋለሁ፤ ከእንግዲህ የምትደብቂው የለም በያት።

የጉንዳን አባት


ጥር 24

ይድረስ ለአባቴ፤

ይህ የእኔ እጅ ነው። ባለሱቋን ይጠይቋት።

ምን ሆነ ብለው ከአንዴም ሁለቴ ጽፈዋል፤ ዘገየሁ፣ ይቅር ይበሉኝ። ከቢሮው የመጣችው ሴትዮ ደብዳቤዎን ጮክ ብላ አነበበችው። ምን እንደተሰማኝ አልጽፍልዎትም። «እኔን አባርረኝ» የሚለው ጋ ስትደርስ ተቆጣጣሪዋ አፏን በሽርጧ ያዘች፤ እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች አላየሁም። ሥራ አስኪያጁ አንድ ነገር ተናገሩ። ሴትዮዋም መለሰችላቸው። 

ወንበሩ ተመልሶልኛል። ሐኪሙ ግቢ ሲለኝ እገባለሁ። የወሊድ ዕረፍቴ ሕጉ እንደሚለው ነው፣ ደመወዜም። ቦታዬም ይጠብቀኛል። በወረቀት ሰጥተውኛል፤ «አሳዪኝ» እንዳይሉኝ አንዱን ግልባጭ ልኬልዎታለሁ።

አባባ፣ እናቴ ከእኔ በፊት ስለሆነባት ነገር ድሬሰሩ የጻፉልኝን አልጠይቅዎትም። ሲፈልጉ ይነግሩኛል።

ልጅዎ


ነሐሴ 6

ለልጄ ለጉንዳን፤ ለልጅሽም፤

እንዴት ናችሁ? ፎቶውን አየሁት። ጉንጩ እንደኔ፣ ግንባሩ እንደማላውቀው ሰው ነው፤ የባልሽ ወገን ይሆናል። እጁን ጨብጦ ነው የተነሳው። ጥሩ ነው፣ ሲሰጡት ይዘርጋው፣ እስከዚያ ይጨብጥ።

ለጠየቅሽኝ ሁሉ በየተራ ልመልስ። ሥራ አስኪያጁ ለሕፃኑ የላከው ብርድ ልብስ ይቀመጥ እንጂ አይልበሰው ያልኩት ለክፋት አይደለም። ሰው ልቡ ሊለወጥ ይችላል። ሊለወጥም አይችልም። አንዴ አጥበሽ ተጠቀሚበት፤ መቼም ልብስ ማጠብ ትችያለሽ። ሰውዬው ያን ቀን የተናገረውን ግን እስካሁን አልጻፍሽልኝም። መደበቅሽን አውቃለሁ። ይቆይ። እኔም የእናትሽን ነገር አቆይቻለሁ፤ ስትመጪ ቁጭ ብለን እንለዋወጣለን። በወረቀት አይሆንም፤ ድሬሰሩ ያነባዋል። ሰምተሃል፣ ይህንንም ጻፍ።

ወደ ሥራ ተመለስኩ ብለሻል። እዚያው ቦታሽ? እዚያው ምሰሶ ጋ? ጫፍሽን በእጅሽ ይዘሻል? ጡት ልታጠቢ የምትወጪበትን ሰዓት «ዛሬ ሥራ በዝቷል» ብለው እንዳይበሉብሽ። አንድ ቀን ከተበላ ሁለተኛውን ማንም አይቆጥረውም። ሌላ ክፍል እናዛውርሽ ካሉሽም እሺም እምቢም አትበይ። መጀመሪያ ረጅሟን ጠይቂያት። እኔን አትጠይቂኝ።

አንድ የከነከነኝ ነገር አለ። ደብዳቤሽ መሃል ላይ እንደ ዋዛ የጣልሽው። ረጅሟ ሰሞኑን ተለዋውጣለች፣ ሽርጧን ላላ አድርጋ ታስራለች፣ በረኪናው አጠገብ መቆም አትወድም፣ «ታማ ይሆን?» አልሽኝ። ልጄ፣ አንቺ ከእኔ አልተወለድሽም እንዴ? ከማንም በላይ ፊት ለፊቷ የምትቆሚው አንቺ ነሽ። ሌላው ቢቀር ሽርጥ ላላ አድርጎ ማሰርን ከማን እንደተማርሽው አስታውሺ።

አትጠይቂያት። ሥራሽን ሥሪ ነው የምትልሽ። ዝም ብለሽ ተቆጣጣሪዋ ጋ ሂጂ፤ በሩን ራስሽ ዝጊው። ወንበሩን አቧራውን ጥረጊ። እሷ እንደተቀመጠች ሌላ ሴት ሊመድቡልሽ ይመጣሉ፤ አልፈልግም በይ። ጀርባሽ ያምሻል፤ ይመምሽ።

መንጠቆውን ሄደሽ እይው። ያን ጊዜ በችኮላ ስለተመታ ላልቶ እንደሚሆን እጠረጥራለሁ። ምሰሶው እንጨት ነው ወይስ ድንጋይ? እሱን አሁኑኑ ጻፊልኝ። ድንጋይ ከሆነ ማንም እንዳይነካብኝ፤ መዶሻዬን ይዤ እመጣለሁ።

አባትሽ